የእኛ ቤት ኩባያ ስንት ግራም ይይዛል? የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቤቴ ውስጥ ድፎ ዳቦ እየጋገርኩ በትእዛዝ እሸጣለሁ። ልኬ ሁሉ በኩባያና በማንኪያ ነው። 5 ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ 2 ኩባያ ውሃ፣ አንድ ማንኪያ ጨው፣ የቀረው በግምት። ብቻዬን ሳቦካ ምንም ችግር አልነበረውም። ሥራው በርከት ሲል ግን የምታግዘኝ ልጅ ያዝኩ። ጎበዝ ልጅ ናት። ሆኖም በዚያው ኩባያ፣ ከዚያው ከረጢት ሰፍራ የምታቦካው ሊጥ አንድ ቀን ድርቅ ይላል፣ ሌላ ቀን እጅ ላይ ተለጥፎ አልላቀቅ ይላል።

ሌላም ነገር አለ። እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሽሮና የበርበሬ ልክ በየጊዜው ትጠይቀኛለች። እኔ በኩባያ እነግራታለሁ። እሷ ጋ ያለው የአሜሪካ ኩባያ ነው፤ የእኔ ደግሞ ከገበያ የተገዛ ባለ እጀታ የብረት ኩባያ። ውጤቱ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ኢንተርኔት ላይ ኩባያን ወደ ግራም የሚቀይር ሰንጠረዥ ሞልቷል። የስንዴ ዱቄት አለ፣ ስኳር አለ፣ ቅቤ አለ። ሽሮና በርበሬ ግን እንደ ልብ አይገኙም። ቢገኙም የተለኩት በነሱ ኩባያ ነው። ስለዚህ የራሴን ወጥ ቤት ሰንጠረዥ ልሠራ ተነሳሁ። እግረ መንገዴን የማገኘውን እዚህ እጽፋለሁ።

ዕቃው ብዙ አይደለም። እስከ 5 ኪሎ የምትመዝን፣ በ1 ግራም የምትቆጥር ዲጂታል ሚዛን። ከፋርማሲ የተገዛ፣ መርፌ የሌለው ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ። ወንፊት፣ ቢላ፣ ደብተር። ሌላው ሁሉ መደርደሪያው ላይ ያለ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት

ከሁሉ በፊት ሚዛኗን መፈተን አለብኝ። ውሸታም ሚዛን ይዞ ሰንጠረዥ መሥራት ትርፉ ድካም ነው። ፈተናው ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ይመዝናል። በቤት ውስጥ ሙቀት ትንሽ ቢያንስም ልዩነቱ ለወጥ ቤት የሚታይ አይደለም። ባዶ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጬ ሚዛኗን ዜሮ አደረግኋት፤ ከዚያ በሲሪንጁ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨመርኩ። 99 አለች። ለእንጀራ ፈላጊ ይህ ይበቃል። ሳህኑን ወደ አንድ ጥግ ገፋ አድርጌም አየሁ፤ ቁጥሩ አልተለወጠም። ጠረጴዛው ከተንጋደደ ግን ይለወጣል፤ እሱን በወረቀት እጥፋት አስተካከልኩት።

ቀጥሎ ዕቃዎቹ ስንት እንደሚይዙ። ለዚህ መለኪያ ያለው ጆግ አያስፈልግም። ዕቃውን ዜሮ አድርጎ ውሃ ጢም አድርጎ መሙላት ነው፤ የሚታየው ግራም ያው ሚሊ ሊትሩ ነው። የብረት ኩባያዬ 304 ሆነ። የቡና ስኒዋ 78። ማንኪያዎቹን በሲሪንጅ ሞላኋቸው፤ የሾርባ ማንኪያዬ 11 ሚሊ ሊትር፣ የሻይ ማንኪያዬ 4።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። በአብዛኛው የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሾርባ ማንኪያ ማለት 15 ሚሊ ሊትር፣ የሻይ ማንኪያ ማለት 5 ሚሊ ሊትር ነው። የምንበላበት ማንኪያ እዚያ አይደርስም። በመጽሐፉ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሲባል በእኔ አንድ ተኩል ሊጠጋ ነው። አውስትራሊያ ደግሞ የሾርባ ማንኪያቸው 20 ሚሊ ሊትር ነው።

ኩባያም እንዲሁ ነው። የአሜሪካው 237 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ የምግብ ማሸጊያ ላይ ሲጽፉ ግን 240 ይሉታል። የአውስትራሊያው 250፣ የጃፓኑ 200። የጥንቱ የእንግሊዝ ኩባያ 284 ይሆናል። የእኔ 304 ሁሉንም በልጦ ቁጭ ብሏል። ለእህቴ «2 ኩባያ ሽሮ» ስል እኔ ከ600 ሚሊ ሊትር በላይ ማለቴ ነው፣ እሷ የምትሰፍረው 474 ነው። ይኼው ነው ነገሩ።

አሜሪካኖቹም ይህን ኩባያና ማንኪያ እንዲህ አስተካክለው መስፈር የጀመሩት ብዙ ዘመን አልሆነውም። በ1896 እ.ኤ.አ. ፋኒ ፋርመር የምትባል የቦስተን የምግብ ትምህርት ቤት ኃላፊ ባሳተመችው መጽሐፍ አፉ ላይ በቢላ የተስተካከለ ኩባያና ማንኪያን አጥብቃ አስተማረች። ከዚያ በፊት «እንቁላል የሚያህል ቅቤ» ዓይነት ልክ የተለመደ ነበር። የእኛ እናቶች ቢሰሙ አይገርማቸውም።

ቅዳሜ ከሰዓት

የዛሬው ዋናው ጉዳይ ፉርኖ ዱቄት ነው። በአንድ ኩባያ፣ ከአንድ ከረጢት፣ በተለያየ አሰፋፈር።

መጀመሪያ ዱቄቱን በወንፊት ነፋሁት። ከዚያ በማንኪያ ቀስ እያልኩ ኩባያው ውስጥ ጣልኩት፤ ሲሞላ በቢላ ጀርባ ጠርጌ አስተካከልኩት። 144 ግራም። ሳይነፋ፣ በማንኪያ እየተጣለ፣ 155። ኩባያውን ራሱን ከረጢቱ ውስጥ አስገብቼ ዛቅ ሳደርግ፣ ያው በቢላ አስተካክዬ፣ 179። ይህ የእኔ አሰፋፈር ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜም የማደርገው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ልጅቷን ጠራኋት። «እንደ ሁልጊዜው አድርገሽ ስፈሪልኝ» አልኳት። ዛቅ አደረገች። ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገችው። ዱቄቱ ወረደ። በላዩ ጨመረችበት፣ እንደገና መታ መታ፣ ከዚያ በመዳፏ ጫን አድርጋ አስተካከለችው። 213 ግራም።

«እትዬ፣ ኩባያው እንዳይጎድል ብዬ እኮ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ገበያ ስታድግ ያየችው ይህንኑ ነው፤ እህል በጣሳ የምትሰፍር ሻጭ ጣሳውን ነቅነቅ አድርጋ ከሞላች፣ በላዩም ምርቃት ከጨመረች፣ ደግ ሻጭ ናት። ሳትነቀንቅ ቁልል አስመስላ የምትሰጠውን ደንበኛ ይሸሻታል። ልጅቷ ለእኔ ደግ እየሆነች ነበር።

ቁጥሩን በ5 ኩባያ ሳባዛው ምስጢሩ ወጣ። በእኔ አሰፋፈር 895 ግራም ዱቄት ነው። በእሷ 1065። ነፍታ በሰፈረች ቀን ደግሞ 720 ይሆናል፤ ነቀዝ ስትፈራ ትነፋለችና። ውሃው በሦስቱም 2 ኩባያ፣ ማለትም 608 ግራም ነው። ዳቦ ጋጋሪዎች ውሃውን ከዱቄቱ በመቶኛ ያሰሉታል። በእኔ 68 በመቶ፣ በእሷ 57፣ በተነፋው 84። ደረቁ ሊጥም የሚለጠፈውም ሊጥ ከዚህ ነው የመጡት። እርሾውን ስንወቅስ፣ አየሩ በረደ ስንል ነበር።

ምክንያቱ አየር ነው። በዱቄቱ ቅንጣቶች መሃል ያለው ክፍተት አንዴ ይሰፋል፣ አንዴ ይጠባል። ኩባያው የሚለካው ዱቄቱንም አየሩንም ደምሮ ነው። ሚዛን ግን ያ ክፍተት አያታልለውም። ስኳር ላይ ይህ ችግር እምብዛም የለም። ስኳሩን ዛቅ አድርጌ 258፣ መታ መታ አድርጌ 270 አገኘሁ። ቅንጣቱ ከበድ ያለና የሚንሸራተት ስለሆነ ወዲያው ቦታውን ይይዛል። ዱቄት በላመ ቁጥር ነው እጅ የሚያምታታው።

ከዛሬ ጀምሮ ዱቄት በኩባያ አይሰፈርም። ይህ ተወስኗል።

እሑድ

እናቴ ቤት። ሚዛኗን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። እማዬ አየችኝና «ወርቅ ልትሸጪ ነው?» አለች።

ጤፍ፣ ሽሮ፣ በርበሬ ነው የምለካው። ጤፉን በእኔ አሰፋፈር፣ ዛቅ አድርጌ በቢላ ጠረግሁት። የነጭ ጤፍ ዱቄት በኩባያ 225 ግራም መጣ። ከፉርኖው በ46 ይበልጣል። ስለዚህ የስንዴውን ሰንጠረዥ ወስዶ ለጤፍ መጠቀም አይሠራም። በስንዴ ዱቄት የተጻፈ ኬክ በጤፍ ልሥራ የሚል ሰው ኩባያ በኩባያ ከተካ ዱቄቱ በሩብ ያህል ይበዛበታል። ግራም በግራም ይተካ፤ ውሃውን ከዚያ በኋላ ያየዋል። ያልተፈጨው ጤፍ ደግሞ 256 ሆነ።

ሽሮው የእማዬ ነው፤ ቅመሙ የገባበት፣ ልም ያለ። በኩባያ 158 ግራም። እዚህ ላይ ለእህቴ የሚሆነውን ስሌት ሠራሁ። 158ን ለ304 ሳካፍል የአንድ ሚሊ ሊትር ሽሮ ክብደት 0.52 ግራም ይመጣል። ያንን በ237 ሳባዛ የአሜሪካ ኩባያዋ 123 ግራም ሽሮ ይይዛል። ይህ ዘዴ ለማንኛውም ነገር ይሠራል። አንዴ የአንድ ሚሊ ሊትሩን ክብደት ካወቁ በየትኛውም አገር ኩባያ ማባዛት ነው። የእማዬን ድስት በዚሁ ጻፍኩት፤ ለ120 ግራም ሽሮ 800 ሚሊ ሊትር ውሃ።

ከዚያ በርበሬው።

«እማዬ፣ ለአንድ ዶሮ ስንት ማንኪያ ታደርጊያለሽ?»

«እንደ ሽንኩርቱ ነዋ።»

«ሽንኩርቱ ያው ነው ብለሽ ንገሪኝ።»

«እንግዲህ 12 ማንኪያ ቢሆን ነው።»

በቢላ የተስተካከለ ማንኪያ በርበሬ 5 ግራም ነው። 12ቱ 60 ግራም ይሆናል። ይህ ለዶሮ ወጥ አይመስለኝም ብዬ አሰብኩ። «እስቲ አንዷን አሳዪኝ» አልኳት። ማንኪያውን በርበሬው ውስጥ ነክራ አወጣችው። ከማንኪያው በላይ እንደ ራስ ዳሸን ተቆልሎ ወጣ፤ እጇ ደግሞ ቅንጣት አላንጠባጠበም። 11 ግራም።

«እማዬ፣ ይሄ አንድ ማንኪያ ነው?»

«ታዲያ ምን ሊሆን ነው፣ ሁለት?»

በግራም ሁለት ነው። 12 ማንኪያ ማለት 132 ግራም ማለት ነው። አሁን ዶሮ ወጥ መሰለ። እህቴ ስልክ ላይ «የእማዬ ወጥ ቀለሙ ለምን እንቢ አለኝ?» ስትል ዓመታት አልፈዋል። መለኪያ ማንኪያ ገዝታ፣ በቢላ አስተካክላ፣ ቆጥራ ነው የምታደርገው። መለኪያ ማንኪያዋ 15 ሚሊ ሊትር ስለሆነ እያንዳንዱ 7 ግራም ገደማ ይይዛል፤ 12ቱ 84 ነው። የቀረው 48 ግራም እማዬ ማንኪያ ላይ ቁልል ሆኖ ቀርቷል። ቁጥሩን በቴሌግራም ላክሁላት። የመለሰችልኝ የሚያለቅስ ሳቅ ነው።

ማክሰኞ ማታ

ፈሳሹ ቶሎ አለቀ። ዘይት ከውሃ ይቀላል፤ ሚሊ ሊትሩ 0.92 ግራም ገደማ ነው። ኩባያዬ 280 ግራም ዘይት ያዘ። 5 ሊትር ዘይት ገዝቶ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጠው 4.6 ኪሎ ገደማ ሲያሳየው «ቀነሱብኝ» የሚል ሰው አለ። አልቀነሱበትም፤ ሊትር ኪሎ አይደለም። ወተት በተቃራኒው ከውሃ ጥቂት ይከብዳል፤ ሊትሩ 1 ኪሎ ከ30 ግራም አካባቢ ነው። በቤት ሥራ ልዩነቱን መርሳት ይቻላል።

ማር ላይ ግን መርሳት አይቻልም። የቡና ስኒዋ 110 ግራም ማር ያዘች፤ ውሃው 78 ነበር። ማር ከውሃ 1.4 እጥፍ ይከብዳል። 1 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ሞልቶ ማር ከሰጡህ የወሰድከው 1 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ ነው። በኪሎ ዋጋ ተስማምቶ በሊትር ዕቃ የሚቀበል ገዢ ሊደሰት ይገባል። በሊትር ዋጋ ተስማምቶ በኪሎ የሚቀበለው ደግሞ ቢጠይቅ ይሻላል። በነገራችን ላይ፣ ዘይቱ መጀመሪያ ከተለካ ማሩ በዚያው ዕቃ ሲሰፈር ሳይጣበቅ ሙልጭ ብሎ ይወጣል።

ቅቤ ትንሽ ጣጣ አለው። የቀለጠ ንጥር ቅቤ እንደ ዘይት ነው፤ የሾርባ ማንኪያዬ 10 ግራም። የረጋው ግን ማንኪያ ላይ ጉብ ይላል፣ በመሃሉ ባዶ ቦታ ይቀራል። ሚዛን ለሌለው ሰው አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። መስመር ባለው ጆግ 200 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይቀዳል። ቅቤው እየተቆረሰ ይጨመራል። ከላይ ብቅ የሚለውን በማንኪያ ጫን እያደረጉ ውሃው 300 ላይ ሲደርስ የገባው ቅቤ 100 ሚሊ ሊትር ነው፤ በግራም 91 አካባቢ። ውሃውን አፍስሶ ቅቤውን መውሰድ ነው። በሚዛን አጣራሁት፤ 92 አለ።

አንድ ሌላ ነገርም በዚሁ መዘገብኩ። 1 ኪሎ ለጋ ቅቤ አንጥሬ የወጣው 790 ግራም ነው። የቀረው በብዛት የተነነ ውሃ ነው፤ ጥቂቱ ደግሞ ወንፊቱ ላይ የቀረ አተላና ቅመም። ንጥር ቅቤ የሚሸጥ ሰው ዋጋ ሲያወጣ ይህንን ካልቆጠረ ከኪሱ ነው የሚከፍለው።

ሐሙስ

ትናንሾቹ። ጨው፣ እርሾ፣ ጥቁር አዝሙድ።

ሚዛኗ በ1 ግራም ስለምትቆጥር አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ አስቀምጦ ማንበብ ዋጋ የለውም። 2 ትላለች፣ መልሼ ስጭን 3 ትላለች። መፍትሔው አሥር ማንኪያ አስተካክሎ ሰፍሮ፣ አንድ ላይ መዝኖ፣ ለአሥር ማካፈል ነው። ደረቅ እርሾ በአሥር 25 ግራም መጣ፤ ስለዚህ አንዱ 2.5። ደቃቅ ጨው 49፣ ሻካራ ጨው 42። ከአንድ ማንኪያ ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ በአሥር ማንኪያ 7 ግራም ነው። የጨው ዓይነት የሚቀያይር ቤት በማንኪያ ከሰፈረ ወጡ አንዴ ጨው ይበዛበታል፣ አንዴ አልጫ ይሆናል።

ሚዛኗ ደግሞ አንድ ዓመል አላት። ትንሽ ትንሽ ነገር ቀስ እያሉ ሲነሰንሱባት አይታያትም። ብዙ ዲጂታል ሚዛኖች ዜሯቸው እንዳይንሸራተት ራሳቸውን በራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ጥቂት ቅንጣት ቀስ ብሎ ሲገባ እንደ መንሸራተት ቆጥረው ያጠፉታል። ጥቁር አዝሙድ በጣቴ እየነሰነስኩ ዜሮ ላይ ደርቃ ቀረች። በስኒ አጠራቅሜ አንዴ ስገለብጠው 6 አለች። ቅመም ሁሉ ከእንግዲህ በዚህ መንገድ ነው።

ቅዳሜ

የዳቦውን ልክ ወረቀት ላይ ጽፌ ቁምሳጥኑ በር ላይ ለጠፍኩት፦

ፉርኖ ዱቄት 900 ግራም
ለብ ያለ ውሃ 610
ስኳር 40
ዘይት 50
ጨው 18
ደረቅ እርሾ 9
ጥቁር አዝሙድ 6

ውሃውም ዘይቱም በግራም ነው። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሚዛኗ ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ከገባ በኋላ ዜሮ፣ ቀጣዩ ከገባ በኋላ ዜሮ። የሚታጠብ ኩባያ የለም። ልጅቷን በጣም ያስደሰታት ይህ ነው፣ ልኩ አይደለም።

እኔ ሳልነካው ብቻዋን አቦካች። ሊጡ የእኔ ሊጥ ነው። ኮባ ላይ ተዘርግቶ ተጋገረ፤ ከምድጃ ወጥቶ ከቀዘቀዘ በኋላ 1 ኪሎ ከ440 ግራም መዘነ። ሲገባ 1633 ነበር። ትልቅ ድፎ ለሚያዝዝ ሰው ሁሉንም በ1.5 ማባዛት ነው፤ ዱቄቱ 1350፣ ውሃው 915። በኩባያ ቢሆን ሰባት ተኩል እያሉ ሲቆጥሩ ስልክ ይደወልና ስንተኛው ላይ እንደነበሩ ይጠፋል።

ሰንጠረዡ ውስጥ የማይገቡም አሉ። የቦካ የጤፍ ሊጥ አንዱ ነው። ኩፍ ሲል በዕቃው ውስጥ ከፍ ይላል፣ ሲማሰል ይወርዳል፤ ክብደቱ ግን ያው ነው። ለአብሲት የሚቀነሰውን ሊጥ በጭልፋ ከመቅዳት መመዘን ይሻላል። የሊጡን አንድ አሥረኛ ለመቀነስ ከ4 ኪሎው ላይ 400 ግራም ማንሳት ነው፣ በቃ። የተከተፈ ሽንኩርትም እንደ ክትፈቱ ስለሚለያይ ሳልከትፍ በፊት ነው የምመዝነው፤ እማዬ በርበሬውን በሽንኩርቱ ስለምትለካ ይህ ቀጣዩ ሥራ ነው።

ሚጥሚጣና ኮረሪማ ቀርተዋል። ለነሱ አሥረኛ ግራም የምታነብ ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋል። ጠይቄያለሁ፤ ዋጋዋን ካወቅሁ በኋላ አሥር ማንኪያ ሰፍሬ ለአሥር ማካፈሉን መርጫለሁ።